በቀትር፣ ውሃ ዳር፣ ዛፍ ሥር

እኛ ሐበሾች አየር የምንፈራ ሕዝብ ነን። ሌላው ዓለም አየር እንዳያጣ ይጠነቀቃል፣ እኛ አየር እንዳያገኘን እንጠነቀቃለን። መኪና ውስጥ ተጨናንቀን፣ ላባችን በጀርባችን እየወረደ፣ አንዱ ሳያስብ መስኮቱን ዝቅ ያደረገ እንደሆነ ወዲያው ከኋላ "ኧረ ዝጋው፣ ይመታናል!" የሚል ድምፅ ይመጣል። አብሮኝ የሚሠራ ሜክሲኳዊ አንድ ጊዜ "የሚመታችሁ ማነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ነፋሱ" አልኩት። "በምን?" አለኝ። በምን እንደሚመታን እስከ ዛሬ አላጣራሁም፤ መመታታችንን ግን አልጠራጠርም። እናንተም ይህን የምታነቡት መስኮት ዘግታችሁ ከሆነ አልፈርድባችሁም።

ከአየር ቀጥሎ የምንፈራው ሰዓት ነው፤ ቀትርን ማለቴ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ጥላ እግር ሥር ስትሸጎጥ፣ ያን ጊዜ ውሃ ዳር መቆም ወይም ትልቅ ዛፍ ሥር መቀመጥ አደጋ መሆኑ ያልተነገረው ሐበሻ ካለ እናቱ ሥራ በዝቶባት መሆን አለበት። እዚያ ያለው ነገር ይለክፋል። ስሙ አይጠራም፣ ዝም ብሎ "እነሱ" ይባላል። የተለከፈ ሰው ይለፈልፋል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ የገዛ ዘመዱን አያውቅም። እኛ ትምህርት ቀመስ ነን የምንለው ይህን ስንሰማ ፈገግ እንላለን። ፈገግ ብለን መንገድ እንቀይራለን። ይህ ልማዳችን አዲስ አበባ ቀርቶ ሎስ አንጀለስም ድረስ ሻንጣችን ውስጥ ገብቶ አብሮን መጥቷል፤ ጉምሩክም አላገኘው።

እኔ በበኩሌ ሥጋት ከሌላው ሰው የበዛብኝ ነኝ። ሥራዬ ሆቴል በር ላይ ቆሞ የእንግዳ መኪና እየተቀበሉ ፓርክ ማድረግ ነው፤ ስለዚህ የሰው ንብረት ተቧጨረ አልተቧጨረ እያልኩ ስጨነቅ እውላለሁ። ቤቴ ስገባም ጭንቀቱን ከዩኒፎርሙ ጋር አላወልቀውም። ባለቤቴ ሂሩት ሎንግ ቢች የምትሠራ ነርስ ናት። ስትዘገይ ፍሪዌዩ ላይ ምን ሆና ይሆን እላለሁ፤ በጊዜ ስትመጣ ደግሞ ከሥራ አሰናበቷት እንዴ እላለሁ። ባለፈው መስከረም ግን ጭንቀቴ ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ሰው ላይ አረፈ፤ እትዬ ስንዱ ላይ።

እትዬ ስንዱ የሂሩት አክስት ናቸው። ዕድሜያቸውን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባንዱ ማድ ቤት ውስጥ ጨርሰው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ጡረታ ወጥተው፣ አሁን ከእኛ ጋር ዌስት አዳምስ ሰፈር ይኖራሉ። ልባቸው ደክሟል። ሐኪማቸው ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን ካዘዘላቸው በኋላ እኔንና ሂሩትን ለብቻችን ጠርቶ፣ እኚህ ሴት ሙቀት አይችሉም፣ ኪኒኑም ውሃቸውን ያሟጥጠዋል፣ በኃይለኛ ሙቀት ቀን ተዘግቶባቸው ከዋሉ ልናጣቸው እንችላለን አለን። ልናጣቸው እንችላለን! ለእኔ ዓይነቱ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ከዚያ ወዲህ ከእንቅልፌ ስነቃ መጀመሪያ የማየው የአየር ትንበያ ሆነ፤ ጸሎት እንኳ ተራውን ይጠብቃል።

ቤታችን አሮጌ ነው፤ የምንኖረውም ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ነው። መስኮቱ ላይ የተገጠመች ኤሲ አለችን። እትዬ ስንዱ አፏን በፎጣ ጠቅጥቀውታል፤ የምትተፋው አየር ነዋ። እኔ ጠዋት ፎጣውን አወጣለሁ፣ እርሳቸው እግሬ ሲወጣ ይመልሱታል። በዚህ ጉዳይ ተነጋግረን አናውቅም።

አሁን ከቤታችን ጀርባ ስላለው ቦታ ልንገራችሁ። ከኋላው መንገድ ማዶ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነበር፣ ወለሉም ግድግዳውም ኮንክሪት፤ አጠገቡ ደግሞ ባዶ መሬት። ቦዩ ውስጥ የሱፐርማርኬት ጋሪ ይጣልበታል፣ ባዶው መሬት ላይ እኛ መኪና እናቆምበታለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተማው የመጡ ሰዎች፣ ቦታውን ወደ ጥንቱ ተፈጥሮው መልሰን ፓርክ ልናደርገው ነውና ስብሰባ ኑ አሉን። ፓርክ! እኛ ሰፈር ይህች ቃል ምን ማለት እንደሆነች ታውቁ የለ? "ፓርክ አገኘህ? ፓርክ አጣሁ፣ ፓርክ ያዝልኝ" ስንል የምንውል ሰዎች ነን። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ውዬ ማታ የራሴን የማቆምበት አጥቼ ሰፈሩን የምዞር እኔ በተለይ፣ ከደስታዬ ብዛት ሐበሻውን ሁሉ እየደወልኩ ቀሰቀስኩት። ግልብጥ ብለን ሄድን። "ፓርክ እንፈልጋለን!" ብለን እጅ አወጣን። ሰብሳቢዋ ሐበሻ ለተፈጥሮ ያለው ፍቅር ልቧን ነክቶት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከእኛ በታች የሚኖሩት እትዬ የሺ ብቻ "ጣሪያ ይኖረዋል ወይ?" ብለው ጠየቁ። ዛፎቹ በቂ ጥላ ይሰጣሉ ተባሉ፤ ለመኪናው ያው ጥላ ጥላ ነው ብለው ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምታችሁታል። ኮንክሪቱን ሰባብረው አወጡት። መሬቱን ጎድጎድ አድርገው ውሃ እንዲተኛበት አደረጉ፣ አኻያና ሸንበቆ ተከሉ፣ ሲካሞር የሚባለውን ቅርፊቱ የሚላጥ ዛፍ ተከሉ፣ አግዳሚ ወንበሮች አስቀመጡ። ለመኪና አንዲት መስመር እንኳ አላሰመሩም። እኔ አኮረፍኩ። ዛፎቹ ኩርፊያዬን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ አደጉ። እንቁራሪቷ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ መጣች፣ ወፉ መጣ፣ ቄጠማ በቀለ፤ ለበዓል ከዚያ ቄጠማ እያጨዱ ወደ ቤት የሚያስገቡትን ሰዎች ስም አልጠራም፣ አንዷ ባለቤቴ ስለሆነች። በዝናብ ወራት እትዬ የሺ ቤት ይገባ የነበረው ጎርፍ እዚያው ጎድጓዳ ውስጥ እየሰመጠ መቅረት ጀመረ። ሂሩትም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በእግሯ መጥታ "መንገዱ ላይ ፊቴ ሲቃጠል ቆይቶ እዛፎቹ ሥር ስገባ ሹራብ አማረኝ" አለችኝ። እኔ ግን ለተወሰደብኝ ቦታ በቀላሉ ምስጋና የምሰጥ ሰው አይደለሁም።

እኛ አዲስ ዓመት ስንቀበል ሎስ አንጀለስ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቀዋል። ሌላው አገር ሙቀቱን ሸኝቶ ሲያበቃ እርሷ ገና ትጀምራለች፣ እስከ ኅዳርም አትተወውም። ትንበያው ቀይ ሆነ፣ ከዚያም ከቀይ የባሰ አንድ ቀለም አመጡ። እኔም ከሥራ ቦታ መደወሉን ተያያዝኩት።

"እትዬ፣ መስኮቱን ከፈቱት?"

"ተከፍቷል።"

"እውነትዎን ነው?"

"ሊከፈት ይችላል ማለቴ ነው።"

እባክዎ ቤቱ ሳይግል ወደ ፓርኩ ይሂዱና ጥላ ሥር ይዋሉ ብዬ ለመንኳቸው። እሄዳለሁ አሉ። የሚሄዱት ግን ጎህ ሲቀድ ነው፣ ከተማው ራሱ ቀዝቅዞ ሳለ፤ ፀሐይ ስትጠነክር ተመልሰው ከጣሪያው ሥር ይገባሉ። እኔ የምለው እኮ ቀትር ላይ ነው አልኳቸው። "አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "በቀትር፣ ውሃ ዳር፣ ዛፍ ሥር ሂጂና ተቀመጪ የምትለኝ ልታስወስደኝ ነው?"

"እትዬ፣ ይህ እኮ አሜሪካ ነው።"

"ውሃው ውሃ አይደለም? ዛፉስ?"

ነገሩን ሳስበው እርሳቸው ያላቸው ሥጋት የራሱ ሥርዓት አለው። ኮንክሪት በነበረበት ዘመን እኮ ቦዩን ማንም አልፈራውም፤ ኮንክሪት ላይ ምን ይቀመጣል? የከተማው ሰዎች ግን ቦታውን ወደ ጥንቱ ተፈጥሮው መለስነው ብለዋል። የጥንት ነዋሪዎቹንም አብረው መልሰው እንደሆነ ማን ጠየቃቸው? ሂሩት ነርስነቷን ይዛ ብትሞክር፣ እኔ ሐኪሙን ጠቅሼ ብሞክር፣ እትዬ ስንዱ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ያ የፈራነው ቀን መጣ። መኪና ተደራርቦብኝ ሆቴሉ በር ላይ ስሯሯጥ ሂሩት ደወለች። "እትዬ ስልክ አያነሱም። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቷል ይላሉ። እኔ ከዚህ እስክደርስ ረጅም ነው፣ ሶ እባክህ አሁኑኑ ሂድ።" ድምፅዋ እንደ ነርስ አልነበረም። ለአለቃዬ ምን ብዬው እንደወጣሁ አላስታውስም፤ ኪሴ ውስጥ የማን እንደሆነ የማላውቀው መኪና ቁልፍ ይዤ እንደሄድኩ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። መንገድ ላይ መብራቱ ሁሉ ቀይ ሆነብኝ። ፈራሁ። ልናጣቸው እንችላለን የምትለዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች፤ ከእናቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

በሩን ስከፍተው ሙቀቱ ፊቴን ገፈተረኝ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። እትዬ ስንዱ ሹራብ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቀልቷል፣ ላብ ግን የለም፤ እጃቸውን ስነካው ይፋጃል፣ ደረቅ ነው። ቀና ብለው አዩኝና "ሁለት ጥብስ፣ አንድ በያይነቱ!" አሉኝ። "ቶሎ በል፣ ሰው ተቀምጦ እየጠበቀ ነው።"

"እትዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ክትፎው ለብ ለብ ነው፣ ጥሬ አይደለም፤ ሰውዬው ተቆጥቷል።"

ማድ ቤታቸው ተመልሰዋል። እኔን የት እንዳስቀመጡኝ አላውቅም፣ አስተናጋጅ ሳልሆን አልቀርም። ወደ አደጋ ጊዜ ጥሪው፣ ዘጠኝ አንድ አንድ፣ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ረጋ ብላ፣ አምቡላንስ ተልኳል፣ ግን ከተማው ሁሉ እየደወለ ስለሆነ ሊዘገይ ይችላል፣ እስከዚያ ከቤቱ አውጣቸው፣ ጥላ ሥር አስተኛቸው፣ በውሃ አርሳቸው፣ አየር ስጣቸው አለችኝ። አየር ስጣቸው። የሹራቡን ቁልፍ ፈትቼ ጀርባዬን ሰጠኋቸውና አዘልኳቸው። የሚስቱን አክስት አዝሎ ደረጃ የሚወርድ ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። ከኋላዬ "ዳቦ አልቋል በላቸው" ይሉኛል።

መንገዱን ተሻግሬ እዛፎቹ ሥር ስገባ አየሩ ተለወጠ። ሂሩት እውነቷን ነበር፤ ሌላ ከተማ የገባሁ መሰለኝ። አኻያው ሥር፣ እርጥቡ ሣር ላይ አስተኛኋቸው። ጫማቸውን አወለቅሁ፣ ነጠላቸውን ውሃው ውስጥ እየነከርኩ አንገታቸውንና ብብታቸውን አራስኩ፣ በሥራ ቆቤ አራገብኩላቸው። ያን ጊዜ ነው ከልፍለፋቸው ሌላ ምንም ድምፅ እንደሌለ ያስተዋልኩት። ቀትር ነው፤ ሰው የለም፣ ወፍ የለም፣ እንቁራሪቷም ጸጥ ብላለች። ሸንበቆው ውስጥ የሆነ ነገር ውልብ አለ። እንደነገርኳችሁ እኔ እንዲህ ባለው ነገር አላምንም። "በስመ አብ" አልኩና ወደ ሸንበቆው ዞሬ "ይቅርታ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ነው" አልኩ። ለማንኛውም ብዬ በእንግሊዝኛም ደገምኩት።

ከዚያ ማራገቤን ቀጠልኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ትንፋሻቸው እየረጋ መጣ፣ የፊታቸው ቅላት ሰከነ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ቅጠሉን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና "ጫማዬን የት አደረግከው?" አሉኝ። አለቀስኩ። ሰው ስለ ጫማ ተጠይቆ እንዲህ ሲያለቅስ አይተው ስለማያውቁ ግራ ገባቸው። የአምቡላንሱ ሰዎች ሲደርሱ አንደኛው ፎቃችንን ቀና ብሎ አይቶ "እዚያ ላይ አግኝተናቸው ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ተወው። ወስደዋቸው ሆስፒታል አስተኙልን።

አሁን ችግሩ እትዬ የሺ ነበሩ። መብራት ሲጠፋባቸው በር ላይ ወጥተው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ መንገዱን ሳይሻገሩ ከሩቅ ቆመው አይተውናል። ያዩት ምንድን ነው? እትዬ ስንዱ በቀትር፣ ውሃ ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ ጫማቸው ወልቆ፣ ተዘርረው ሲለፈልፉ። ፎቅ ላይ ከዚያ በፊት የሆነውን አላዩም። ወሬው እኛ ከሆስፒታል ሳንመለስ ፌርፋክስ ደረሰ። አንዱ ምግብ ቤት ስገባ በማይታወቅ ቋንቋ ተናግረዋል ተባለ፤ ሁለተኛው ጋ ጥሬ ሥጋ አምጡልኝ ብለው ጮኸዋል። ያዳናቸው ውሃ ለከፋቸው ተብሎ ተፈረደበት።

ከሆስፒታል ሲወጡ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። መጀመሪያ የሠሩት ሥራ፣ ለደካማ ሰው ነፋስ አይሆንም ብለው መስኮቱን መዝጋት ነበር። ቆሜ አስረዳሁ። የታመሙት እዚህ ቤት ውስጥ ነው፣ የዳኑት እዚያ ነው፣ ሐኪሙም ያለው ይህንኑ ነው፣ እናንተም ብትሆኑ በዚህ ሙቀት ቤታችሁ ተዘግታችሁ አትዋሉ አልኩ። በርኅራኄ ዓይን አዩኝ፤ አብሬ የተለከፍኩ ሳይመስላቸው አልቀረም። እትዬ የሺ "ይህን ቦታ ማነው ያመጣብን?" ሲሉ አንዷ ወደ እኔ ዞራ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ፓርክ ፓርክ እያልክ የደወልክልን አለችኝ። እትዬ ስንዱ ትራስ ተደግፈው ሁሉንም ሰሙ፣ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩትና ልቤ ወረደ። ያን መንገድ ዳግመኛ አይሻገሩትም ማለት ነው። ትንበያው ደግሞ ለቀጣዩ ሳምንት እንደገና ቀይ ነበር።

ሙቀቱ ሲመለስ ያው ታሪክ ተደገመ፤ ደወልኩ፣ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ፣ አይነሳም። ለአለቃዬ ምክንያት ሳልደረድር መኪናዬን አስነሳሁ። በሩን ስከፍት ቤቱ ባዶ ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሐበሻ ቤት ውስጥ በገዛ ፈቃዱ የተከፈተ መስኮት ሳይ ክፉ ነገር እንጂ ሌላ አልመጣልኝም፤ ሮጬ ወደ ታች ተመለከትኩ። ማንም የለም። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት እንጃ፤ መንገዱን ተሻገርኩ።

አኻያው ሥር አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸው ወልቋል፣ እግራቸው ሣሩ ላይ ነው፣ የውሃ ጠርሙስ አጠገባቸው። በቀኛቸው እትዬ የሺ፣ በግራቸው ሊጠይቁን ከመጡት ሴቶች ሁለቱ፣ እነርሱም ጫማቸውን አውልቀው ጨዋታ ይዘዋል። ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

"እትዬ፣ ቀትር ነው እኮ" አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በገዛ አፌ።

"ለዚህ ነው የመጣሁት" አሉኝ። "የለከፈ ነገር የሚለቀው በለከፈበት ቦታ፣ በለከፈበት ሰዓት ሲመላለሱበት ነው። አታውቅም?"

አላውቅም። ይህን መድኃኒት በዕድሜዬ ከማንም ሰምቼው አላውቅም። እትዬ የሺ ግን ከተወለዱ ጀምሮ የሚያውቁት ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ። እርሳቸውስ ለምን እንደመጡ ስጠይቃቸው፣ ያን ቀን ቆሜ ሳይ ትንሽ ሳይነካኝ አልቀረም አሉ። ሁለቱ ደግሞ የታመመች ሲጠይቁ አልጋዋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ይህም ይተላለፋል ተብሏል። ማን እንዳለ አልጠየቅሁም። ነፋሱ ቅጠሉን አወዛውዞ አንገታችን ላይ መጣ፣ አንዳቸውም አልተሸፋፈኑም።

"እስከ መቼ ነው የሚመላለሱት?" አልኳቸው።

"እስኪለቀኝ።"

"መቼ ይለቅዎታል?"

እትዬ ስንዱ ሰማዩን በቅጠሉ መካከል አዩት። "ኅዳር ገደማ ይመስለኛል" አሉ።

ሳቅ አላሉም፤ እኔም አልሳቅሁም። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሁን በየቀኑ ቀትር ሲሆን ሆቴሉ በር ላይ፣ የሰው መኪና ቁልፍ እጄ ላይ እንዳለ፣ የያዛቸው ነገር እስከ ኅዳር እንዳይለቃቸው እለምናለሁ። ማንን እንደምለምን ግን እስካሁን በቅጡ አልለየሁም።